ያላወቅኩትን ሰው እንዴት ላመስግን? ሰሚ የሌለው ምስጋና ምስጋና ነው?

አራስ_ቤት
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 8:40

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ይቅርታ። ልጁ ተኝቷል፤ እኔ ነኝ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ።

ከሰባት ሳምንት በፊት ወለድኩ። ምጡ ደህና ነበር። መከራው የመጣው ከወለድኩ በኋላ ነው። ደሙ አልቆም አለ። ብዙውን አላስታውስም። ብርዱን ግን አስታውሳለሁ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ አንዲት ነርስ ጉንጬን መታ መታ እያደረገች «አትተኚ፣ እኔን እዪኝ» ትለኛለች። ከዚያ ደም ተሰጠኝ። ሦስት ከረጢት።

ሁለተኛው ሲሰቀል ነቃ ብዬ ነበር። ከረጢቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። የደም ዓይነት አለ፣ ረጅም ቁጥር አለ፣ የተቀዳበት ቀን አለ። ስም የለም። ቀኑን አነበብኩት። ከመውለዴ 11 ቀን በፊት ነው። ቅዳሜ። ያን ቅዳሜ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ከባሌ ጋር በመጋረጃ ቀለም ተጨቃጭቀን ተኮራርፈን ውለናል። እኔ ለመጋረጃ ሳኮርፍ አንድ ሰው አንድ ቦታ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘርግቶ ነበር። ለእኔ መሆኑን ሳያውቅ። እኔም መቸገሬ እንደማይቀር ሳላውቅ።

ከሆስፒታል ስንወጣ የማመሰግነውን ሁሉ አመሰገንኩ። ሐኪሟን፣ ያቺን ነርስ፣ አንሶላ የቀየሩልኝን እናት። ለነርሷ እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ወሰደችላት። ሦስቱ ሰዎች ግን ቀሩ። ጠየቅኩ። «ስም አይነገርም» ተባልኩ።

እናቴ «እግዜርን አመስግኚ፣ እሱ ያደርስልሻል» ትላለች። ባሌ ደግሞ «የማይሰማሽን ሰው ማመስገን ለራስ ማውራት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ሁለቱም አላሳረፉኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ሰሚ የሌለው ምስጋና ምስጋና ነው? ወይስ እኔ ምስጋና የምለው ከሞት የመትረፍ ደስታን ነው?


የሰፈር_ልጅ
እንኳን ማርያም ማረችሽ! ስለ ጥያቄው እንጃ። አጥሚት ጠጪ።


ጥያቄ_ምልክት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ባልሽ ልክ ነው።

ግሱን እዪው። «በላሁ» ብትዪኝ «ምን?» እላለሁ። «አመሰገንኩ» ካልሽ «ማንን?» እላለሁ። መልስ ከሌለው ግሱ ጎደሎ ነው። ከታክሲ ስትወርጂ ዝናቡ ቀጥ ቢልልሽ ደስ ይልሻል፤ ዝናቡን ግን አታመሰግኚውም። የተሰማሽ እፎይታ ነው። እፎይታ ነውር የለውም፣ በስሙ እንጥራው ነው የምለው።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ሊከፋሽ ይችላል። ሰውየው ለአንቺ አልሰጠም። ለደም ባንክ ነው የሰጠው። ያን ቅዳሜ አንቺ ደህና ነበርሽ፣ ደም የሚያስፈልጋት ሴት አልነበርሽም። ላላሰበሽ ሰው ምን ዕዳ አለብሽ?


ሰዋስው_ወዳጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:02

ግሱን አንተ ነህ ያነሳኸው ወንድሜ፤ በኋላ እኔን እንዳትወቅስ።

በቀን ስንት ጊዜ «ተመስገን» ትላለህ? «እንዴት አደርክ?» «ተመስገን።» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፣ ለአንድ ወንድ የሚነገር። «አንተ ተመስገን» ማለት ነው። ፊትህ የቆመችው ጠያቂ ሴት ብትሆን ግን «ተመስገኚ» አትላትም። አፍህ እሷን ያናግራል፣ ቃሉ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እሷም «ለማን ነው?» ብላ አትጠይቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ»ን ደግሞ ውሰድ። ቡና ያቀበለህን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየህ የምታወራው ስለ ሦስተኛ ወገን ነው። ያቺ «ልኝ» የምትለዋ ጭራ ሥራዋ ምን ይመስልሃል? «እኔ መክፈል አልችልም፣ በእኔ ፈንታ እሱ ይክፈልህ» ማለት ነው። በባንክ ቋንቋ ትራንስፈር።

ግን ለአንተም የምትሆን አንዲት ነገር አለች፤ አልደብቅህም። «ምስጋናዬ ይድረስህ» እንላለን። መድረስ ያለበት ነገር ነው ማለት ነው።

አንድ ቃል ልጨምርና ላብቃ። «ባለውለታ» ማለት ውለታ የዋለው ሰው እንጂ የተዋለለት አይደለም። ዕዳ ሲሆን ግን ባለዕዳው ተበዳሪው ነው። ብር ተበድረህ ስትመልስ ዕዳው ያልቃል። ውለታ ግን ብትመልሰውም የሰጪው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ሁሌ ይገርመኛል።


ጥያቄ_ምልክት
ልማድ ነው ይሄ ሁሉ። «እግዜር የለም» የሚል ጓደኛ አለኝ፣ በቀን አሥር ጊዜ «ተመስገን» ይላል።


ሰዋስው_ወዳጅ
ታዲያ ለምን ይለዋል?


ጥያቄ_ምልክት
ጠይቄዋለሁ። «ምን ልበል ታዲያ?» አለኝ 😄


የወሎ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7:30

ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድገው።

እኛ ቤት ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። «አልሐምዱሊላህ» ማለት ቀላል ነው፤ ሰውን ማመስገን ነው የሚከብደው። ኩራት አለበት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም ማለታቸው ይታወቃል። ስለዚህ የእናትሽ መንገድ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየውን መፈለግሽ ራሱ ደግ ነው።

ከጠፋስ? ለእሱም መላ አለው። ውለታ የዋለላችሁን ክፈሉት፣ የምትከፍሉት ካጣችሁ ደግሞ የከፈላችሁት እስኪመስላችሁ ድረስ ዱዓ አድርጉለት ተብሏል። «እስኪመስላችሁ ድረስ» የምትለውን ልብ በይ። መለኪያው ያለው አንቺ ጋ ነው። ሰውየው ደረሰኝ እስኪል መጠበቅ አይደለም።

«ጀዛከላህ ኸይር»ም አላህ በመልካም ይመንዳህ ነው፤ ከላይ ስለ «ይስጥልኝ» ከተባለው ጋር አንድ ነው። እናቴ ዱዓዋን ስትጨርስ ሁልጊዜ «ለማናውቃቸውም» ትላለች። ልጅ ሆኜ ጠላት ያለባት ይመስለኝ ነበር።


ዝም_በሉ
ሥራ የላችሁም እንዴ? ሄዳችሁ ደም ስጡ፣ አለቀ።


ላብራቶሪ_ማታ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ደም ባንክ ነው የምሠራው። የት እንደሆነ ይቅርብኝ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። የማንናገረው ለክፋት አይደለም። ሰጪው ነገ መጥቶ «ያን ጊዜ አድኜሽ ነበር፣ እስኪ ትንሽ ብር» እንዳይል ነው። ተቀባዩም ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያይ አንገቱን እንዳይደፋ። ሁለቱንም ነጻ ለማውጣት ነው።

ቀጥሎ ትንሽ እርማት። ሦስት ከረጢት ሦስት ሰው ነው፣ እዚያ ላይ ልክ ነሽ። ግን እነዚያ ሦስት ሰዎች የሰጡት ለአንቺ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ሲሰጥ ወደ 450 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ከዚያ ተለያይቶ ቀዩ ሕዋስ ለአንዱ፣ ፕላዝማው (ፈሳሹ ክፍል) ለሌላው፣ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ለሦስተኛ ሰው ሊሄድ ይችላል። የደም ዘመድ አለሽ ማለት ነው፣ የማታውቂው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። የተሰጠ ደም ሁሉ ይመረመራል፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ። የሚወድቅ አለ፣ ይጣላል። ደህና ሆኖ ቀኑ የሚያልፍበትም አለ። ቀዩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ35 እስከ 42 ቀን ይቆያል። ፕላትሌት ግን 5 ቀን ናት፤ 5 ቀን ምን አላት? ዓርብ ፈላጊ ከሌላት ሰኞ የለችም። የማስወግደው እኔ ነኝ።

ለእያንዳንዱ ከረጢት አንድ ሰው ከሥራ አስፈቅዶ መጥቷል። መርፌ ፈርቷል። ለስላሳና ብስኩት ይዞ ወጥቷል። ማታ ለሚስቱ «ዛሬ ሰው አዳንኩ» ብሎ ተኝቷል። ደሙ ግን የማንም ሰውነት ውስጥ አልገባም። ይሄ ሰው ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም?

እኔ ሰጥቷል ባይ ነኝ። ከረጢቱን ስጥል በሆዴ «ይቅርታ» እላለሁ። ለማን እንደምል አላውቅም።


ጥያቄ_ምልክት
ይሄኛው ከበደኝ። አድሬበት እመለሳለሁ።


ዲያቆን_ነበርኩ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:50

ስለ ከረጢቱ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቅዳሴያችን የምስጋና ጸሎት «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በጎ ነገር ያደረገልንን እናመሰግናለን ነው። ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀድሞ የተጠራው በሥራው ነው። ስንት ዓመት ቆሜ ሰምቼው ልብ አላልኩትም ነበር። ስም ባይኖርሽም «ደም የሰጠኝ» የሚል ስም አለሽ እኮ።

ስለ አሥሩ ለምጻሞች ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሥር ተፈወሱ፣ አንድ ተመለሰ። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ተብሎ ተጠየቀ። ዘጠኙም መንገድ ላይ በልባቸው አመስግነው ሊሆን ይችላል። አልተቆጠረላቸውም። ስለዚህ ጥያቄ ምልክትን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፤ መመለስ የሚባል ነገር አለ።


የአዲስ_ዘመን_አንባቢ
ለቅሶ ሲያበቃ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን «ምስጋና» አስታውሱ። ከጎናችን ለነበራችሁ፣ ስማችሁን ዘርዝረን ለማንጨርሰው ሁሉ ይላል። ድንኳን የተከለው፣ ንፍሮ የቀቀለችው፣ ሌሊቱን ካርታ ሲጫወት ያደረው፣ ሁሉም አንብቦ «እኔን ነው» ይላል። ካርታ ተጫዋቹ ሳይቀር።


ሆራ_ዳር
ረቡዕ፣ ጠዋት 4:10

የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ክረምቱን በሰላም ላሻገረን ለዋቃ፣ ለፈጣሪ፣ ምስጋና ነው። እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዘን እንወርዳለን፣ ውኃው ውስጥ ነክረን እንረጫለን። የማያውቅ ሰው ከዳር ቆሞ «ሐይቁን ነው የሚያመሰግኑት» ይላል። አያቴ ይሄን ስትሰማ በኦሮምኛ የምትለው ነገር ነበራት፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው «እጅ የሚነሳ ሰው መሬቱን ነው እንዴ የሚያከብረው?» ይሆናል።

ለምን አነሳሁት? አያቴ ቤቷ ተቀምጣ ማመስገን ትችል ነበር፤ ዋቃ እዚያም ይሰማታል። ግን በዱላ እየተደገፈች ትወርድ ነበር። እጇ ላይ ሣር ካልያዘች፣ እግሯ ውኃ ዳር ካልቆመ አልወጣልኝም ትላለች። እህቴ፣ አንቺን የከበደሽ ሰሚ ማጣት ላይሆን ይችላል። የምትቆሚበት ቦታ አጥተሽ ይሆናል።


ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:00

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ ደግሞ ሰሚ ተገኝቶም ምስጋና ሜዳ ላይ ሊቀር እንደሚችል ላጫውታችሁ።

በ1964 ዓ.ም. ደብረ ሲና አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከጣርማ በር የሚወርደውን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ በአንድ ቁምጣና በአንድ ሸሚዝ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ መምህር ከክፍል ሲወጡ ጠርተው ሹራብ ሰጡኝ። ቡናማ ነው፣ ግራ ክርኑ ተጠግኗል፣ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። ሦስት ዓመት ለበስኩት። መጀመሪያ እስከ ጉልበቴ ነበር፣ መጨረሻ ላይ እምብርቴ ላይ ቀረ።

አርባ ዓመት አልፎ እኒያ መምህር አዲስ አበባ እንዳሉ ሰማሁ። ጋቢ ገዝቼ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላቸው። በጣም በጥሞና ሰሙኝ። እኔ ዕንባዬ መጥቷል። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ እኔ አይመስለኝም። ትንባሆ አጭሼ አላውቅም። የሒሳቡ መምህር ይሆን?»

የሒሳቡ መምህር ከሞቱ ቆይተዋል። ተያየን። ጋቢውን መልሼ ልውሰድ እንዴት እላለሁ? ሰጥቻቸው፣ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ማንን እንዳመሰገንኩ አላውቅም። ግን ያን ቀን እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደተኛሁ ብነግራችሁ!


ጥያቄ_ምልክት
ጋሼ፣ ጋቢውን ተቀበሉ?


ጡረተኛው
ተቀበሉ እንጂ። «ሰሞኑን ብርዱ ጠንቷል» አሉ።


ኔጌቲቭ_ነኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

እኔም ወላድ ነኝ፣ የደሜ ዓይነት ኔጌቲቭ ነው። እንደ እኔ ያለች እናት ልጇ ፖዘቲቭ ሲሆን ለሚቀጥለው ልጅ አደጋ እንዳይመጣ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ትወጋለች። ባሌ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ ነው ያገኘው፤ ዋጋውን አታንሱብኝ። ያኔ መድኃኒት ነው ብዬ ተወጋሁ። ከሰው ፕላዝማ እንደሚሠራ የሰማሁት በኋላ ነው።

ሳነብ ጄምስ ሃሪሰን የሚባል አውስትራሊያዊ አገኘሁ። ፕላዝማው ይሄን መርፌ ለመሥራት የሚሆን ብርቅ ነገር ነበረው። 1,173 ጊዜ ሰጥቷል። ከ1954 እስከ 2018፣ በፈረንጆቹ። አገሩ ውስጥ ወደ 2.4 ሚሊዮን ሕፃናትን ረድቷል ይባላል። በ2025 በ88 ዓመቱ አረፈ።

እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። በ14 ዓመቱ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በማያውቃቸው ሰዎች ደም ነው የተረፈው። ዕድሜዬ ሲደርስ እሰጣለሁ ብሎ ማለ። ልክ እንደ አራስ ቤት እሱም የሚያመሰግነው ሰው አልነበረውም። 64 ዓመት ክንዱን እየዘረጋ ኖረ። መርፌ ሲገባ ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም አሉ፤ ፊቱን ያዞር ነበር።


ጥያቄ_ምልክት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:15

ተመለስኩ። ስለ ተጣለው ደም ሳስብ ነው የዋልኩት፣ ሥራም አልሠራሁ።

እሺ፣ ሰውየው ሰጥቷል። ያለ ተቀባይ መስጠት ይቻላል፣ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። መስጠት ግን ከእጅ መልቀቅ ነው፣ ብቻህን ታደርገዋለህ። ማመስገን መናገር ነው። ማንም ጋ ያልደረሰ ንግግር ንግግር አይደለም።


ሰዋስው_ወዳጅ
ደብዳቤ ጽፈህ ፖስታ ቤት ቢጠፋ አልጻፍክም?


ጥያቄ_ምልክት
ጽፌያለሁ። ግን አድራሻ ነበረው። እሷ አድራሻ የላትም።


ሰዋስው_ወዳጅ
ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥርስ?


ላብራቶሪ_ማታ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:05

ጣልቃ ልግባ። ያ ቁጥር እኛ ጋ ሰው ነው። ስም አለው፣ ስልክ አለው፣ መቼ መቼ እንደመጣ ተጽፏል። ደሙ ላይ ችግር ቢገኝ ወደ ሰጪው መመለስ አለብን፣ ለዚያ ነው። ሆስፒታሉም የሰቀለውን ከረጢት ቁጥር ካርድሽ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ እህቴ፣ ሦስት ቁጥሮች ካርድሽ ላይ አሉ። አንቺ የማትከፍቺው አድራሻ ነው እንጂ አድራሻ አለ።


ስቶክሆልም_ጨለማ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3:40

እዚህ አገር ይሄን በስልክ ፈተውታል። የስቶክሆልም ደም ማዕከል ከ2012 ጀምሮ የሰጠኸው ደም ለበሽተኛ ሲሰጥ አጭር መልእክት ይልክልሃል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ቡና እየጠጣን ስልኳ ጮኸ። አነበበችው፣ ለእኔም አሳየችኝ። የታካሚ ስም የለም፣ በሽታው የለም። ደምሽ ዛሬ አገልግሏል ነው ነገሩ። ስልኳን ኪሷ ከታ ኬኳን ቀጠለች፤ ፊቷ ግን ቀላ።

ማን ማንን አመሰገነ እዚህ ላይ? መልእክቱን የላከው ኮምፒውተር ነው። ደሙን የወሰደው ሰውዬ ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ተመሰገነች። ይሄ ደግሞ የአራስ ቤት ግልባጭ ነው፤ ተቀባይ ያለው፣ አመስጋኝ የሌለው ምስጋና።


ላብራቶሪ_ማታ
ቀናሁባችሁ። እኛ ጋ ሰኔ 7 የደም ለጋሾች ቀን ሲሆን ፖስተር እንለጥፋለን። በፈረንጆቹ 2015 መሪ ቃሉ «ሕይወቴን ስላዳንክልኝ አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። ማን ለማን እንደሚለው አይታወቅም፤ ግድግዳው ነው የሚያመሰግነው።

አራስ ቤት፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ወረቀት ላይ ጻፊና ላኪልኝ። ሰው ተጋድሞ የሚያየው ግድግዳ አለን፣ አሁን ያለበት የ2014 ዓ.ም. ካላንደር ብቻ ነው።


አራስ_ቤት
ዓርብ፣ ከሌሊቱ 9:10

ሁሉንም አነበብኩ፣ አንዳንዱን ሁለቴ። እያጠባሁ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው፣ ስህተቱን እለፉልኝ።

ጥያቄ ምልክት፣ «ለአንቺ አልሰጠም» ያልከኝ መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። አሁን እሱ ነው የረዳኝ። አዎ፣ ለእኔ አልሰጠም። ማን እንደሚቀበለው ሳያውቅ ነው ክንዱን የዘረጋው፤ ይጣል፣ ለማን ይድረስ፣ ሳይጠይቅ። እሱ ተቀባዩን ሳያውቅ ከሰጠ እኔ ለማመስገን ለምን አድራሻ እጠየቃለሁ? እሱ ያልጠየቀውን እኔ ለምን እጠይቃለሁ?

ጋሼ፣ የሹራቡን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት። እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «ትንባሆ የሚያጨሰውም ይማርልኝ» አለች።

ወረቀቱን ጽፌያለሁ። አራት ጊዜ ቀደድኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ገጽ ሙሉ ነበር፣ እኔኑ አሳፈረኝ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ለመጣኸው/ለመጣሽው። ወንድ ልጅ ነው። 3.1 ኪሎ። እኔም አለሁ።» ስለ መጋረጃው ልጨምር ነበር፣ ተውኩት።

ሄጄ ልስጥም ብዬ ነበር። ይቻላል?


ላብራቶሪ_ማታ
እያጠባሽ? በፍጹም። መጀመሪያ አንቺ ደምሽን ተኪ። ቆስጣ፣ ምስር፣ ሥጋ። ባልሽን ላኪው።


አራስ_ቤት
ባሌ መርፌ ሲያይ ይወድቃል። ልጁ ሲከተብ እሱን ነው ያስተኙት።


የሰፈር_ልጅ
😂😂 አጥሚቱን ለእሱ ስጡት።


ላብራቶሪ_ማታ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:30

ወረቀቱ ደረሰኝ፣ ተለጥፏል። ካላንደሩን አውርጄዋለሁ። ከሁለተኛው አልጋ ፊት ለፊት ነው።

ዛሬ አንድ ተማሪ መጣ፣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ተጋድሞ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ «ለእኔ ነው እንዴ?» አለኝ። የመጀመሪያ ጊዜው ነው እኮ፣ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን አይችልም። «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። «ዝም ብለህ ጡጫህን ጨበጥ ለቀቅ አድርግ» አልኩት።


ጥያቄ_ምልክት
ለምን «አይደለም» አላልከውም?


ላብራቶሪ_ማታ
እንጃ። እርግጠኛ አልነበርኩም።


የአራስ_ቤት_ባል
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:00

ሰላም። እኔ ባልየው ነኝ። «ለራስ ማውራት ነው» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቤት ውስጥ ተሰድቤያለሁ፣ እናንተ አትድገሙኝ።

ነገ ጠዋት ልመጣ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቁርስ ይበላል ወይስ በባዶ ሆድ ነው? ሁለተኛው፣ መርፌው ውፍረቱ ምን ያህል ነው?


ላብራቶሪ_ማታ
ቁርስ በደንብ ብላ፣ ውኃም ጠጣ። መታወቂያ ያዝ። መርፌውን አትየው፣ ወደ ግድግዳው ዙር።


የአራስ_ቤት_ባል
ስለዚህ ወፍራም ነው ማለት ነው።


ላብራቶሪ_ማታ
ከ2 ሰዓት ጀምሮ እንከፍታለን።